ሦስት ጉርሻ ለጋሽ ሃን

የጋሽ ሃንን መሞት የሰማሁት የመስመሩ መጨረሻ ላይ አውቶቡሴን አቁሜ ሳንድዊች ስገምጥ ነው። ስልኬ የዙሪክ ቁጥር አወጣ። ሴት ልጃቸው ሚሱክ ነበረች። «ማዳም ዘነቡ፣ አባቴ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «እርግጠኛ ነሽ?» የሚል ነበር።

አትፍረዱብኝ። ሰውየው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሞተው ያውቃሉ። መጀመሪያ አገራቸው ያለ አንድ ጋዜጣ በስህተት ሞቱ ብሎ የሕይወት ታሪካቸውን አወጣ። ጋሽ ሃን ገጹን ቆርጠው፣ በመስታወት አስገብተው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ከመስቀላቸው በፊት ግን የፊደል ግድፈቱን በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። ሁለተኛ ጊዜ የሞቱት የስልክ ኮንትራት ልሽጥልዎ እያለ በየቀኑ የሚደውል ሰው ሲያሰለቻቸው ነው። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኩን አነሱና በጣም አዝነው «ሟቹ ትናንት ተቀብረዋል። እኔ ሣጥን ሠሪው ነኝ። የእርስዎን ቁመት ቢነግሩኝ?» አሉት። ሰውየው ዳግመኛ አልደወለም።

የአሁኑ ግን እውነት ነበር። ሳንድዊቼን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የመነሻ ሰዓቴ ስለደረሰ ሞተር አስነሳሁ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ አንዲት ተሳፋሪ «ማዳም፣ ደህና ነሽ?» እስክትለኝ ድረስ እንባዬ እየወረደ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ከጋሽ ሃን ጋር የተዋወቅነው ጄኔቫ ዳር ባለችው ቬርኒየ ውስጥ ነው፤ የእኛ ዓይነቱ ስደተኛ ሁሉ በሚኖርበት ረጅም የኪራይ ሕንፃ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ በራቸው ከበሬ ትይዩ ነበር። ኮሪያዊ ናቸው። እኔ እስከዚያ ድረስ ያገኘኋቸው ኮሪያውያን ሁሉ ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ዓይናቸው እንባ እያቀረረ ስለዘመቱት ወታደሮቻችን ያመሰግኑኛል። እኔም ራሴ የዘመትኩ ይመስል አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናውን መቀበል ለምጄ ነበር። ጋሽ ሃን ግን ሊፍት ውስጥ ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና «በዚያ ጦርነት ጊዜ እኔ አጎቴ ቤት ጣሪያ ሥር ተደብቄ ነበር። ወታደሮቻችሁ እዚያ አልደረሱም። ስለዚህ እኔን በግሌ አላዳናችሁኝም። ከዜሮ እንጀምር» አሉኝ። በእጃቸው የቆሻሻ ከረጢት ይዘዋል። ቆሻሻ ለመጣል ከረባት ያሰረ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግሥቱ በሬን አንኳኩተው ኪምቺ የሚሉትን በበርበሬ የተብላላ ጎመናቸውን በብልቃጥ ሰጡኝ። እኔም በምላሹ አዋዜ ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ የነበረው ነገር ጉርብትና ሳይሆን ውድድር ነው። ማን ማንን በበርበሬ እንደሚያስለቅስ ለማየት ሁለት ዓመት ፈጀን፤ በመጨረሻ ሁለታችንም አሸነፍን ብለን በየፊናችን አወጅን።

የምናወራው በፈረንሳይኛ ነው። የእሳቸው ከመጽሐፍ የተገኘ ፈረንሳይኛ ነው፣ የእኔ ከአውቶቡስ። እንደ ፈረንሳይኛው ደንብ «እርስዎ» ነበር የሚሉኝ፤ ዛሬ ሳስታውሳቸው ግን በአማርኛ አንቺ እያሉኝ ነው የሚመጡልኝ፣ ስለዚህ እንደመጡልኝ ልጻፋቸው። እኔም ሚስተር ማለቱ ስላልሆነልኝ ጋሽ ሃን አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ እንደ ማዕረግ ነው አልኳቸው። በሳምንቱ ሳይ የፖስታ ሣጥናቸው ላይ «ጋሽ ሃን» ብለው ለጥፈዋል። በዚህ አገር የፖስታ ሣጥን ላይ ስም እንደፈለጉ አይለጠፍም። ሬዢው፣ ማለትም ቤቱን የሚያከራየን ቢሮ፣ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ለሁለቱም «ጋሽ ሃን» ብለው ፈርመው መልስ ሰጡ። ሬዢው ሰለቸውና ተወው።

ሕይወታቸውን ባንድ ጊዜ አልነገሩኝም። በሊፍት፣ በበረንዳ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ቁርጥራጩን እየሰበሰብኩ ነው የገጣጠምኩት። ጃፓን ኮሪያን በምትገዛበት ዘመን የገጠር ተማሪ ነበሩ። ትምህርት ቤት ውስጥ በገዛ ቋንቋ ማውራት ያስገርፋል። ስማቸውን እንኳ ነጥቀው የጃፓን ስም ሰጥተዋቸዋል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ከጓደኞቻቸው ጋር የነፃነት ጥሪ በወረቀት እየጻፉ በገበያ ቀን በየሰዉ ቅርጫት ውስጥ መክተት ጀመሩ። ሌሎቹ ልጆች እንዳይታወቁ በግራ እጃቸው ፊደሉን አንሻፈው ይጽፋሉ። ጋሽ ሃን ግን በክፍሉ ውስጥ በእጅ ጽሕፈት አንደኛ ነበሩና አስቀያሚ ፊደል መጻፍ እምቢ አላቸው።

«ነፃነት የሚለውን ቃል እንዴት ብዬ አንሻፍፌ እጽፈዋለሁ?» አሉኝ፣ ዛሬም ነገሩ እየከነከናቸው።

ፖሊሶች አንዱን ወረቀት ይዘው ትምህርት ቤቱ ይመጣሉ። የጽሕፈት መምህሩ ገና ከሩቅ ሲያየው ደስ ብሎት «ይሄማ የእኔ ጎበዝ ተማሪ እጅ ነው!» ይላል። ካለ በኋላ ነው አፉን የያዘው። ጋሽ ሃን ስምንት ወር ታሰሩ።

«መምህሩን አልተቀየሙትም?» አልኳቸው።

«ስፈታ ዶሮ ይዤለት ሄድኩ።»

«ለምን ብለው?»

«ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ከልቡ ያደነቀኝ ሰው የለማ።»

ነፃነት መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ጦርነቱም አለፈ፣ እሳቸው ፓርላማ ገቡ። ምላሳቸው እዚያም አላረፈም። ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ሁለተኛ ታሰሩ፣ ሲፈቱም ሚስታቸውንና ሕፃን ልጃቸውን ይዘው ስዊዘርላንድ ገቡ። ጄኔቫ ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲደረድሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፣ ሚስታቸውንም እዚሁ ቀበሩ። በመሐል፣ አገራቸው ሰላም ሲሆንና ነፃ ምርጫ ሲፈቀድ ሄደው በትውልድ ቀያቸው ለመወዳደር ሞክረው ነበር።

«ስንተኛ ወጡ?» አልኳቸው።

«ከሦስት ተወዳዳሪ አራተኛ።»

«ይሄ ደግሞ እንዴት ይሆናል?»

«የተበላሹት የድምፅ ወረቀቶች በለጡኝ» አሉ፣ ፊታቸው ላይ አንዲት ፈገግታ ሳትታይ።

ፖለቲከኛ ጡረታ ወጥቶ አድማጭ ሲያጣ ያስቸግራል። የጋሽ ሃን አዲሱ ፓርላማ የእኔ አውቶቡስ ሆነ። የፈረቃዬን ሰሌዳ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጡና ቀይ መብራት ሲይዘን ተነሥተው ኮታቸውን ይቆልፋሉ። ኮቱ ከተቆለፈ ንግግር አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ሕዝቡን በሙሉ በዓይናቸው ቃኝተው «ውድ ተሳፋሪዎች! በዚህ አገር ውሻ ትኬት ይቆርጣል። ትኬት የሚቆርጥ ፍጡር ለምን ድምፅ አይሰጥም?» አሉ። ስዊሶቹ ስልካቸው ውስጥ ተደበቁ። ከኋላ አንዲት ባለ ውሻ ሴትዮ ብቻ አጨበጨበች። ጋሽ ሃን ሲወርዱ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ሁለት ድምፅ አግኝቻለሁ፣ ውሻውም ጭራውን ቆልቷል» አሉኝ። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ሥራዬን እንደማጣ ነግሬ ለመንኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አውቶቡስ ሹፌሮች መብት ተናገሩ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ዘጠናን አለፉ። ጭንቀቱም መጣ።

ሚሱክ ዙሪክ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ በየንግግሯ መሐል «ጌናው» የምትል፣ ማለትም «በትክክል» የምትል ሴት። በየሳምንቱ ትደውላለች፣ በየወሩ በባቡር ትመጣለች። አባትዋ «መንግሥት» ነበር የሚሏት። «ነገ መንግሥት ይመጣል፣ ማቀዝቀዣውን እናጽዳ» ይሉኛል። እናጽዳ ሲሉ እኔ ላጽዳ ማለታቸው ነው። ሚሱክ የምትፈልገው አባቷን ዙሪክ ወስዳ ቤቷ አጠገብ ያለ አልታርስሃይም፣ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ማስገባት ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቬርኒየ ውስጥ፣ በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው በሚገቡት ቤት ኖረው እዚያው መሞት። «ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው በር ቆልፎብኛል። ሦስተኛውን ለልጄም ቢሆን አልሰጥም» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ብቻ አይቀልዱም።

እኔ በማን ወገን እንደነበርኩ መናገር አያስፈልግም። አንድ ቅዳሜ ሩዝ ጥደው ረሱትና ኮሪደሩ በጭስ ታፈነ። ድስቱን ከምድጃው አንሥቼ መስኮት ስከፋፍት ሊፍቱ ተከፍቶ መንግሥት ወጣች፣ ሳትደውል። አላሰብኩበትም፤ «የእኔ ነው! ሽሮዬ አርሮብኝ ነው!» አልኳት። ሚሱክ ድስቱን ተቀብላ ወደ ውስጥ አየች።

«ይሄ ሩዝ ነው» አለች።

«አዎ፣ ሽሮ ነው።»

«ሽሮ ከሩዝ ነው እንዴ የሚሠራው?»

«በእኛ አገር፣ አዎ» አልኳት ዓይኔን ሳላሽ።

ጋሽ ሃን ከኋላዋ ቆመው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁልኝ። ሚሱክ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን የምታየኝ የተቦረቦረ ጥርስ እንደምታይ ነበር። በዚያው ሰሞን አባትና ልጅ ለሁለት ሰዓት በኮሪያኛ ተጨቃጨቁ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ፣ ምንም አልገባኝም። መጨረሻ ላይ ጋሽ ሃን ጠሩኝና በዚያ ባሳሰራቸው ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ውል አቀረቡልኝ፣ በሦስት ቅጂ። አንዲት የግምገማ ነርስ መጥታ ታያቸዋለች። ብቻቸውን መኖር ይችላሉ ካለች ሚሱክ የዙሪክን ነገር ዳግም አታነሣም። አይችሉም ካለች ጋሽ ሃን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ይሄዳሉ። አባት ፈረመ፣ ልጅ ፈረመች፣ እኔም «ምስክር፦ ዘነቡ፣ የአውቶቡስ ሹፌር» ተብሎ በተጻፈበት ቦታ ላይ ፈረምኩ።

ነርሷ እስክትመጣ አሥር ቀን ነበረን፤ በየቀኑ ተለማመድን። እኔ ነርስ እሆናለሁ። ሦስት ቃል እነግራቸዋለሁ፣ ሌላ ወሬ አወራና ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ።

«ፖም፣ ጠረጴዛ፣ ጃንጥላ» አሉ።

«ጃንጥላ ነበር እንዴ?» አልኳቸው፤ እኔው ረስቼዋለሁ።

«ዙሪክ መሄድ ያለብሽ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

የስዊዘርላንድ ፕሬዚዳንት ማን ነው ብዬ ስጠይቃቸው ጣታቸውን አነሡ። «ይሄ ወጥመድ ነው። በየዓመቱ ይቀያየራሉ። ስሙን ቶሎ የመለሰ ሰው ነው መመርመር ያለበት።» ለማንኛውም ብለው ሸመደዱት።

ነርሷ የመጣችው ረቡዕ ቀን ነው፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ታብሌት የያዘች። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ ከኮሪደሩ አዳምጣለሁ። ጋሽ ሃን ዕለቱን፣ ወሩን፣ ወቅቱን ተናገሩ። ሰዓት ሣሉ ሲባሉ የግድግዳ ሰዓት ከነጌጡ ሣሉ። ውኃ አፈሉ፣ ሻይ ቀዱ፣ ምድጃውን አጥፍተው ያጠፉበትን ጣት አሳዩ። ኮትዎን ይቆልፉ ስትላቸው እንኳን ለእሷ ለፓርላማም እንዲህ አልቆለፉም። ሦስቱን ቃላት መለሱ። ነርሷ ሳቀች። ከዚያ «በጣም ጥሩ ነው፣ ሚስተር ሃን። ጨርሰናል ማለት ይቻላል» ስትል ሰማሁ።

እዚህ ላይ ቤቴ ቁጭ ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ደስታው አላስችል አለኝ። የጾም ቀን ስለነበር ምስር ወጥና ጎመን ሠርቼ ነበር። ትሪውን ይዤ ሰተት ብዬ ገባሁ። ነርሷን ብዪ አልኳት፣ በሥራ ላይ አልበላም አለችኝ። ታብሌቷ ላይ የመጨረሻዋን እየሞላች ነው። እኔም ከእንጀራው ቆረስኩ፣ ምስሩን ጠቅለል አደረግኩና «ይበሉ ጋሽ ሃን፣ በሞቴ!» ብዬ አጎረስኳቸው። አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉ፤ ለምደዋል። አንድ ጉርሻ ብቻ ሰጥቼ መተው አይሆንልኝምና ሁለተኛ ደገምኩ። ሦስተኛው ትልቅ ሆነና ወጡ በአገጫቸው ወረደ። በናፕኪን ጠረግኩላቸው።

ቀና ስል ነርሷ መጻፏን አቁማ ታየናለች።

«በእጅሽ ነው የምታበያቸው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አዎ!» አልኳት በኩራት።

«ብዙ ጊዜ?»

«ምን ማለትሽ ነው! እኔ እያለሁ ለምን በእጃቸው ይበላሉ?»

«ይሄ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ኧረ ዓመታት አልፎታል» አልኳት። በዚያች ደቂቃ ያንን የጽሕፈት መምህር ብትጠሩልኝ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሄድ ነበር። ነርሷ አመስግናኝ እንደገና መጻፍ ጀመረች። እኔ ስለ ደግነቴ የምትጽፍ መስሎኝ ስሜን በትክክል እንድትጽፍ ፊደሉን ነገርኳት።

ሪፖርቱ በሁለት ሳምንቱ መጣ። አእምሯቸው ንቁ ነው ይላል፣ እግራቸው ደህና ነው ይላል፣ ከዚያ «ለመመገብ የሌላ ሰው እጅ ያስፈልጋቸዋል፤ አፋቸውንም የምትጠርግላቸው ጎረቤት ናት» ይላል። ከታች «ብቻቸውን መኖር አይመከርም።» ጋሽ ሃን ቆመው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ እንደ አዋጅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነርሷ ዘንድ ደወልኩ። ይሄ በእኛ ዘንድ ፍቅር ነው፣ ጤነኛ ሰው ነው የሚጎርሰው፣ ሙሽራም ሚኒስትርም ይጎርሳል ብዬ አስረዳኋት። በትሕትና አዳምጣኝ ሪፖርቱ ተልኳል አለችኝ። ሚሱክ ዘንድ ደወልኩ።

«ማዳም ዘነቡ» አለችኝ፣ «ሽሮ ከሩዝ ይሠራል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ትይዩው በር ሄድኩ።

ጋሽ ሃንን እንዳይሄዱ ለመንኳቸው። ማንም በግድ ሊወስዳቸው አይችልም፤ በዚህ አገር እንኳን ሰው ድመትም ያለ ፈቃዷ ቤት አትቀይርም። «ፈርሜያለሁ» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ የፈረሙትን የሚያፈርሱ ሰዎችን ስሳደብ ኖሬ አሁን ምን ልበል?» በሄዱበት ቀን ሻንጣቸውን እኔ ነኝ እስከ ባቡሩ የጎተትኩት። ዘጠና ዓመት ያለፈውን ሰው ቤቱን በምስር ወጥ ቀማሁት እያልኩ ሌት ተቀን ራሴን በላሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ምግብ ቋጥሬ ዙሪክ ሄጃለሁ። መንገዱ በባቡር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ያ አልታርስሃይም ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ በሩም ሰው ሲቀርበው ራሱ የሚከፈት የመስታወት በር ነው። ኮሪደሩ ላይ ያገኘሁት ሁሉ «ግሩዔትሲ» እያለ ሰላምታ ይሰጠኛል፣ እኔም ግሩዔትሲ እላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ጀርመንኛዬ ያልቃል። ጋሽ ሃን ግን በስድስት ወር ውስጥ የሚፈልጉትን ያህል ጀርመንኛ ለቅመዋል። የፈለጉበትንም ምክንያት ቶሎ ደረስኩበት፤ በገባሁ ቁጥር ሳሎን ውስጥ ለተሰበሰቡት አሮጊቶች በሙሉ ጮክ ብለው ያስተዋውቁኛል፦ «ወደዚህ ያስላከችኝ ሴት ይቺ ናት!»

አሮጊቶቹ መነጽራቸውን አስተካክለው ያዩኛል። አንደኛዋማ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ጠጋ ታደርግ ነበር።

አንድ ጊዜ አልቻልኩም፣ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ። ከዚያ አሰብ አደረጉና «ይቅርታዬ ግን እንደ መኖሪያ ፈቃድሽ ነው፣ መታደስ አለበት። በየሁለት ሳምንቱ» አሉ። ደግሞ ትሪውን ከፍተው አይተው «ከጥፋትሽ አንጻር ምስሩ ቀጥኗል» አሉኝ። አንድ ጊዜ ታምሜ ሳልሄድ ብቀር ፖስታ ካርድ መጣልኝ። በዚያ በሚያምር ጽሕፈት አንድ መስመር ብቻ ነው ያለበት፦ «እስረኛው ጎመን አልደረሰውም።»

እዚያ ቤትም ዝም ብለው አልተቀመጡም። እራት የሚቀርበው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በነጮቹ አቆጣጠር ነው። ጋሽ ሃን ይህን «የሆስፒታል እራት» ብለው ሰየሙትና እራት ወደ ሰባት ይዛወር ብለው ለነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበርነት ተወዳደሩ። በየክፍሉ ዞረው ቀሰቀሱ። ካርታ ተጫውተው ለአሮጊቶቹ ሆን ብለው ተሸነፉ። አንድ እሑድ ስገባ ከረባታቸውን አጥብቀው በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ከአራት ተወዳዳሪ አንደኛ!» አሉኝ።

«የተበላሸ ድምፅስ?»

«ሁለት። ሁለቱም የዓይን ሞራ ያለባቸው ናቸው።»

እራቱን እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው ማዛወር የቻሉት፤ ድል ነው ብለው ግን ኬክ አስቆረሱ። እኔም ሳቅኩ፣ ጨፈርኩ። ተመልሼ ባቡሩ ውስጥ ስቀመጥ ግን ያው ሐሳብ ይመጣብኛል፦ ይሄ ሰው አሁን ቤቱ መሆን ነበረበት።

እንዲህ ነው የኖርነው፣ ሚሱክ እስከደወለችልኝ ቀን ድረስ። ቀብራቸው አጭር ነበር። ከቀብሩ በኋላ ክፍሉ ለሌላ ሰው ስለሚፈለግ እኔና ሚሱክ ዕቃቸውን ልናወጣ ገባን። ከረባቶቻቸውን እሷ ታጣጥፋለች፣ መጻሕፍቱን እኔ ካርቶን ውስጥ እከታለሁ። ከመሳቢያው ያ በሦስት ቅጂ የተፈረመው ውል ወጣ። ሳየው ልቤ ተሰበረ።

«ሚሱክ፣ እኔ ነኝ አባትሽን ከቤታቸው ያስወጣሁት» አልኳት። «አላመንሽኝም እንጂ ያን ቀን በደስታ ነው ያጎረስኳቸው፤ ራሳቸው መብላት አቅቷቸው አልነበረም።»

ሚሱክ ከረባቱን አስቀምጣ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ሪፖርቱ በደረሰ በማግሥቱ ደውሎ ነገረኝ። ነገሩ የአገርሽ ልማድ እንደሆነ፣ አንቺም በደስታ ያደረግሽው እንደሆነ ነገረኝ። አመንኩት። ‹እንግዲያው ወረቀቱን ቅደደው፣ ቤትህ ቆይ› አልኩት።»

«ቆይ አልሽው?»

«ጌናው። ቆይ አልኩት። እሱ ነው እምቢ ያለው። ነርሷ ከመጣች በኋላ በዚያው ሳምንት ዳቦ ሊገዛ ወርዶ ሲመለስ የሕንፃችሁ መግቢያ ጠፍቶበታል። የመግቢያዎቻችሁን መመሳሰል ታውቂዋለሽ፣ ሁሉም አንድ ነው። የሌላ ሰው ደረጃ ላይ ዳቦውን ታቅፎ ግማሽ ቀን ተቀምጧል። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ናት እጁን ይዛ ያደረሰችው። ‹ሚሱክ፣ አሁን ጊዜው ነው፣ ራሴ እመጣለሁ› አለኝ።»

የያዝኩት መጽሐፍ ከእጄ ወደቀ። ሁለት ዓመት። ያ ሁሉ ባቡር፣ ያ ሁሉ ምስር፣ ያ ሁሉ የአሮጊት ዓይን።

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አስማለኝ።»

«ለምን?»

ሚሱክ ሳቅም ለቅሶም መጣባት። በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። «‹ጥፋተኛ አይደለሽም ካልናት የምትመጣው በበዓል በበዓል ነው› አለኝ። ‹ጥፋተኛ ከሆነች ግን በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች።›»

ቱግ አልኩ። እዚያው በአገሬ ቋንቋ «ይሄ ተንኮለኛ ሽማግሌ!» ብዬ ጮህኩ፣ ከአጠገብ ያለው ክፍል ግድግዳ እስኪንኳኳ ድረስ። ከዚያ ወደ ፈረንሳይኛው ተመለስኩ። «ምን ዓይነት ሰው ነው? ቢነግረኝስ እቀር ነበር? እንደ አባቴ አይደለም እንዴ የማየው?»

ሚሱክ ጥርስሽን በየቀኑ ትቦርሺያለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም እንደሚያይ አተኩራ አየችኝ። ለዚህች ሴት አንድ ጊዜ ዋሽቻት አውቃለሁ፤ ዳግመኛ አቃተኝ። አልጋው ላይ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ለገና እመጣ ነበር» አልኳት። «ለፋሲካም… ፈረቃ ካልያዘኝ።»